የልጅ ሊስት የወላጅ ሊስት ነው ወይ? ጀነሪክስ ከውርስና ከኢንተርፌስ ጋር ሲገናኙ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በጃቫ፣ በሲ ሻርፕ ወይም በኮትሊን የምትሠሩ ሁሉ ውርስን ታውቃላችሁ፤ ጀነሪክስንም፣ ማለትም አንድ ሊስት የምን ሊስት እንደሆነ ታይፑን በፓራሜተር መናገርን፣ በየቀኑ ትጠቀማላችሁ። ለየብቻቸው የሚያስቸግሩት ሰው ብዙ አይደለም። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ኮምፓይለሩ ይህ ታይፕ ከዚያ ታይፕ ጋር አይገጥምም ብሎ ቀይ መስመር ያሰምራል፤ ብዙዎቻችን ካስት አድርገን (ይህ ዕቃ የዚያ ታይፕ ነው ብለን በግድ ነግረን) ወይም ማስጠንቀቂያውን አፍነን እናልፋለን። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ያ ቀይ መስመር ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አንድ ነገር እንደሚጠይቀን ነው፦ ይህ ዕቃ ወደ ውስጥ የሚገባ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚወጣ? ይህን የመለሰ ሰው የቀረው የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ ነው።

ውሻና ድመት እንስሳን ሲወርሱ የሚያሳዩ ስላይዶች ሁላችንም አይተናል። እኔ በእውነተኛ ላይብረሪ ውስጥ ባለ፣ ለእኛም ቅርብ በሆነ ኮድ ብንነጋገር እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2014 ጃቫ 8 ሲወጣ ጃቫ ታይም የሚባል አዲስ የቀንና የሰዓት ላይብረሪ ይዞ መጣ። ከተለመደው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሌላ የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ያውቃል። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር እዚያ ውስጥ የለም። የሚገኘው ስሪ ቴን ኤክስትራ በተባለው ተጨማሪ የኦፕን ሶርስ ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ ይህን የሚመራው ከጃቫ ታይም ነዳፊዎች አንዱ የሆነው ስቲቨን ኮልበርን ነው። ክላሱ ኢትዮፒክዴት ይባላል። ከግብጾቹ ኮፕቲክዴት ጋር አብስትራክት ናይል ዴት የሚባል አንድ ወላጅ ክላስ ይጋራል፤ ሁለቱን የዓባይ ልጆች እንዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ማየት ደስ ይለኛል። ሎካልዴትም፣ ጃፓኒዝዴትም፣ ኢትዮፒክዴትም፣ ሁሉም ክሮኖ ሎካልዴት የሚባለውን ኢንተርፌስ፣ ማለትም ሊኖሯቸው የሚገቡ ሜተዶችን ዝርዝር፣ ያሟላሉ።

እንግዲህ ኢትዮፒክዴት ክሮኖ ሎካልዴት ነው። ይህ አያከራክርም፤ ክሮኖ ሎካልዴት በሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ ኢትዮፒክዴት መስጠት ይቻላል። የኢትዮፒክዴት ሊስትስ የክሮኖ ሎካልዴት ሊስት ነው? አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ላይ «አዎ» ይላል። ጃቫ ግን አይደለም ይላል፤ ልክም ነው። ጆንያ አስቡ፤ ውስጡ ነጭ ጤፍ ነው። ጤፍ እህል ነው፤ ስለዚህ ከጆንያው እህል ቅዳልኝ ለሚል ሰው ብትሰጡት ችግር የለም። እህል የሚጨመርበት ጆንያ ስጠኝ ላለው ሰው ከሰጣችሁት ግን ገብስ ገልብጦበት ይመለሳል፤ እሱም አልተሳሳተም፣ ገብስም እህል ነውና። ሊስት እንደዚሁ ነው፦ የክሮኖ ሎካልዴት ሊስት የሚቀበል ሜተድ ሎካልዴት ሊጨምርበት መብት አለው። የእናንተን የኢትዮፒክዴት ሊስት ከሰጣችሁት በኋላ ሊስቱን ስታነቡ መስከረምን ስትጠብቁ ሴፕቴምበር ይወጣባችኋል።

ጃቫ ራሱ ይህን ትምህርት በዋጋ ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጀመሪያው ስሪት ሲወጣ ጀነሪክስ አልነበረም። የማንኛውንም ዕቃ አሬይ የሚደረድር አንድ ሜተድ ለመጻፍ የነበረው መንገድ የስትሪንግ (የጽሑፍ) አሬይ የኦብጀክት (የሁሉም ክላስ ወላጅ) አሬይም ነው ብሎ መፍቀድ ነበር። ስለዚህ ፈቀዱ። ውጤቱ ዛሬም አብሮን አለ፦ የስትሪንግ አሬይን የኦብጀክት አሬይ በሚል ቫሪያብል ይዛችሁ ቁጥር ብታስገቡበት ኮምፓይለሩ ዝም ይላል፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ግን አሬይ ስቶር ኤክሴፕሽን ይነሳል። ፕሮግራሙን የሚያሠራው ቨርቹዋል ማሽንም ይህን ለመያዝ ኦብጀክት አሬይ ውስጥ ሲገባ መፈተሽ አለበት። ጀነሪክስ እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃቫ 5 ጋር ሲመጣ ነዳፊዎቹ ያንኑ አልደገሙትም።

ይህ ሲባል ግን የኢትዮፒክዴት ሊስት ለማንም አይሰጥም ማለት አይደለም። ሜተዱ የሚያነብ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ከሊስቱ እሴት የሚያወጣ ከሆነ፣ «የማንኛውም የክሮኖ ሎካልዴት ልጅ ሊስት» ብሎ መቀበል ይችላል። ጃቫ ላይ ይህ የጥያቄ ምልክትና ኤክስቴንድስ ነው። በዚህ ጊዜ ኮምፓይለሩ ማንበብን ፈቅዶ መጨመርን ይከለክላል። ሜተዱ የሚጨምር ብቻ ከሆነ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፦ ኢትዮፒክዴት ለመጨመር የኢትዮፒክዴት ሊስትም፣ የክሮኖ ሎካልዴት ሊስትም፣ የኦብጀክት ሊስትም ይበቃዋል። ያ የጥያቄ ምልክትና ሱፐር ነው። የሚያነብም የሚጨምርም ከሆነ ታይፑ በትክክል አንድ መሆን አለበት።

ሌሎች ቋንቋዎች ይህንኑ ውሳኔ ሌላ ቦታ ላይ አስቀመጡት። ስካላ በመደመርና በመቀነስ ምልክት፣ ሲ ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣው 4.0 ጀምሮ በኢንተርፌሶችና በዴሌጌቶች ላይ፣ ኮትሊንም እንዲሁ፣ «ኢን» እና «አውት» በሚሉ ቃላት ኢንተርፌሱ ራሱ በሚታወጅበት ቦታ ይጽፉታል። የኢንተርፌሱ ጸሐፊ አንድ ጊዜ አስቦ ይወስናል፤ ተጠቃሚዎቹ በየሜተዱ አይደክሙም። ለእኔ ይህ የተሻለ መንገድ ነው። የጃቫው መንገድ ሸክሙን ስለ ጉዳዩ ትንሽ ለሚያውቀው ሰው፣ ማለትም ለተጠቃሚው ይሰጣል። በሲ ሻርፕ አይኢኒውመረብል አውት ነው፣ ምክንያቱም እሴት ያወጣል እንጂ አያስገባም። አይሊስት ግን ሁለቱንም ስለሚያደርግ ምንም ምልክት የለውም። ኮትሊን ሊስትን ከሚውተብል ሊስት መለየቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ የሚነበበውን ከሚጻፍበት ስትለይ የሚነበበው ነጻ ይወጣል። ሲ ሻርፕ ለምትጽፉ አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህ ነገር ለሪፈረንስ ታይፕ ብቻ ነው፤ ስትራክት ላይ አይሠራም።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል ላይ ደርሰናል። እዚህ ላይ ጊዜ እንውሰድ።

ከሊስት ውስጥ ትልቁን የሚመልስ ሜተድ መጻፍ ፈለግን እንበል። ለማነጻጸር ኮምፓረብል የሚባለው ኢንተርፌስ አለ፤ እሱም ጀነሪክ ነው። ቲ የታይፑን ቦታ የሚይዝ ፓራሜተር ነው ካልን፣ የመጀመሪያው ሐሳብ የሚሆነው «ቲ ኤክስቴንድስ ኮምፓረብል ኦፍ ቲ» ነው፦ ራሱን ከራሱ ዓይነት ጋር ማነጻጸር የሚችል ማንኛውም ታይፕ። ሜተዱም ሊስት ኦፍ ቲ ይቀበላል። በስትሪንግ ይሠራል፣ በኢንቲጀር ይሠራል። በኢትዮፒክዴት ሊስት ስንጠራው ኮምፓይል አያደርግም። የሚገርመው በጃቫው ሎካልዴትም አያደርግም!

ምክንያቱ ከኢንተርፌሱ ይጀምራል። ኮምፓረብልን የሚያሟላው ክሮኖ ሎካልዴት ነው፤ የሚያሟላውም ኮምፓረብል ኦፍ ክሮኖ ሎካልዴት ሆኖ ነው። ማንኛውም ቀን ከማንኛውም አቆጣጠር ቀን ጋር እንዲነጻጸር ተፈልጓል። ኢትዮፒክዴት ይህን ይወርሳል፤ ስለዚህ እሱም ኮምፓረብል ኦፍ ክሮኖ ሎካልዴት እንጂ ኮምፓረብል ኦፍ ኢትዮፒክዴት አይደለም። ታዲያ ኢትዮፒክዴት ላይ ሁለተኛውን እንጨምርለት ብትሉ ጃቫ አይፈቅድም። ጃቫ ኮምፓይል ካደረገ በኋላ የታይፕ ፓራሜተሩን ያጠፋዋል፤ ሁለቱም ኮምፓረብል ብቻ ሆነው ይቀራሉ፤ አንድ ክላስ አንድን ኢንተርፌስ በሁለት የተለያዩ ፓራሜተሮች ሊያሟላ አይችልም። በሲ ሻርፕ ፓራሜተሩ ፕሮግራሙ ሲሠራም ስለሚኖር ይቻላል።

መፍትሔው ቀደም ብለን ያነሳነው ጥያቄ ነው። ኮምፓረብል ቲን ምን ያደርገዋል? ይቀበለዋል። ኮምፔር ቱ የሚለው ሜተድ እሴት ያስገባል እንጂ አያወጣም። ማንኛውንም ክሮኖ ሎካልዴት ማነጻጸር የሚችል ነገር ኢትዮፒክዴትንማ ያለ ጥርጥር ያነጻጽራል። ስለዚህ ገደቡ «ቲ ኤክስቴንድስ ኮምፓረብል ኦፍ ማንኛውም የቲ ወላጅ» መሆን አለበት፤ በጃቫ የጥያቄ ምልክት ሱፐር ቲ። ይህን ካስተካከልን ሎካልዴትም ኢትዮፒክዴትም ያልፋሉ። በኮትሊንና በሲ ሻርፕ ኮምፓረብል ሲታወጅ ጀምሮ «ኢን» የሚል ምልክት ስላለው የዋሁ አጻጻፍ ራሱ ይሠራል።

የጃቫው ኮሌክሽንስ ክላስ ውስጥ ያለውን ማክስ የተባለ ሜተድ ፊርማ ከፍታችሁ እዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት ያስደነግጣል፦ ቲ ኦብጀክትንና ኮምፓረብል ኦፍ የጥያቄ ምልክት ሱፐር ቲን ያሟላል፤ የሚቀበለው ደግሞ የማንኛውም የቲ ልጅ ኮሌክሽን ነው። አሁን እያንዳንዱን ቁራጭ ማንበብ እንችላለን። ሱፐሩ ኮምፓረብል እሴት ስለሚያስገባ ነው። ኤክስቴንድሱ ከኮሌክሽኑ እሴት ስለሚወጣ ነው። ኦብጀክት የሚለው ለምን ተጨመረ? ማንኛውም ነገር ኦብጀክት ስለሆነ ትርፍ ይመስላል። ፓራሜተሩ ሲጠፋ ቲ የሚተካው በመጀመሪያው ገደቡ ነው። ኮምፓረብል መጀመሪያ ቢጻፍ ኖሮ ሜተዱ ኮምፓረብል የሚመልስ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ከ2004 በፊት ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም ሁሉ ግን ኦብጀክት የሚመልስ ማክስ ነው የሚፈልገው። ያቺ አንዲት ቃል የቆየው ኮድ ሁሉ ሳይነካ እንዲሠራ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ጊላድ ብራቻ፣ ማርቲን ኦደርስኪ፣ ዴቪድ ስታውተማየርና ፊሊፕ ዋድለር ለጃቫ ጀነሪክስ መሠረት የሆነውን ንድፍ ሲያቀርቡ ዋናው ጭንቀታቸው ይኸው ነበር፤ አዲሱ ነባሩን እንዳይሰብር። ፓራሜተርን ማጥፋት የሚያስከፍለንን እያየን ብናማርርም፣ የከፈሉት ለምን እንደሆነ ማወቅ ተገቢ ነው።

ስለ ማነጻጸር ከተነሳ፣ በሥራ ላይ የሚያጋጥማችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መስከረም 1 ቀን 2000 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በጎርጎርዮስ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ሁለቱን በኢዝ ኢኩዋል ብታነጻጽሩ አንድ ናቸው ይላችኋል፤ ያረፉበትን ዕለት ብቻ ነው የሚያየው። ኮምፔር ቱ ግን ዕለቱ እኩል ሲሆን የአቆጣጠሩን መለያ ስም ያነጻጽራል፤ ስለዚህ ዜሮ አይመልስም። ሁለቱን በኮምፔር ቱ እየለየ ተደጋጋሚ የማይቀበለው ትሪ ሴት ውስጥ ብታስገቡ ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። ነዳፊዎቹ ይህን ያደረጉት ኮምፔር ቱ፣ ከኢዝ ኢኩዋል የተለየና አቆጣጠሩንም ከሚያየው ኢኩዋልስ ከሚባለው ሜተድ ጋር እንዲስማማ ነው። ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል፤ የማያውቀውን ሰው ግን ተደጋጋሚ መዝገብ አስይዞ ያሰቃየዋል።

ውርስ ላይ እንቆይ። ወላጅ ክላስ ጀነሪክ ነገር የሚመልስ ሜተድ ሲኖረው ልጁ እንዴት ያጠብበዋል? ቀንና ሰዓትን አንድ ላይ የሚይዝ ክሮኖ ሎካል ዴት ታይም የሚባል ጀነሪክ ኢንተርፌስ አለ፤ ፓራሜተሩ የቀኑ ታይፕ ነው። እያንዳንዱ አቆጣጠር ይህን የሚሠራ ሜተድ አለው። ወላጁ ላይ ሜተዱ «ክሮኖ ሎካል ዴት ታይም ኦፍ ማንኛውም የክሮኖ ሎካልዴት ልጅ» ይመልሳል ተብሎ ተጽፏል። የኢትዮጵያው አቆጣጠር ክላስ ኦቨርራይድ ሲያደርገው (የወረሰውን በራሱ ሲተካው) «ክሮኖ ሎካል ዴት ታይም ኦፍ ኢትዮፒክዴት» ብሎ ያጠብበዋል፤ ኮምፓይለሩም ይስማማል፤ ምክንያቱም ሁለተኛው የመጀመሪያው ልጅ ነው። ወላጁ ላይ ያ የጥያቄ ምልክት ባይኖርና በቀጥታ ኦፍ ክሮኖ ሎካልዴት ቢባል ኖሮ ልጁ ማጥበብ አይችልም ነበር። የልጅ ሊስት የወላጅ ሊስት አይደለም ያልነው ሕግ እዚህም ይሠራል። አብዛኛውን ጊዜ የጥያቄ ምልክትን በሚመለስ ታይፕ ላይ አትጻፉ ይባላል፤ እኔም እስማማለሁ። ለወራሾች በር የሚከፍት ወላጅ ስትጽፉ ግን ከዚህ ኮድ ተማሩ።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ከብዙ ፕሮጀክቶች ውስጥ አይጠፋም። ወላጅ ክላስ ውስጥ «ቀን ጨምር» የሚል ሜተድ አለ እንበል። ኢትዮፒክዴት ላይ ስንጠራው ክሮኖ ሎካልዴት ሳይሆን ኢትዮፒክዴት እንዲመልስ እንፈልጋለን። ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱም በእውነተኛ ኮድ ውስጥ አሉ።

አንደኛው ጃቫ ራሱ የተጠቀመው ነው። ክሮኖ ሎካልዴት ኢምፕል የሚባለው የውስጥ ወላጅ ክላስ ዲ የሚል ፓራሜተር አለው፤ ሜተዶቹ ዲን ይመልሳሉ፤ ጃፓኒዝዴትም ሲወርስ ራሱን ፓራሜተር አድርጎ ይሰጣል። ልጁ ስሙን ለወላጁ ይነግራል ማለት ነው። ጃቫ ላይ ኢነም ሁሉ የተሠራው በዚሁ ቅርጽ ነው። የሚያምር ዘዴ ነው፤ ቀዳዳ ግን አለው። ፓራሜተሩ የራስ ታይፕ እንዲሆን የሚያስገድድ ነገር የለም፤ አንድ ክላስ ሲወርስ የሌላ ክላስ ስም ቢሰጥ ኮምፓይለሩ ይቀበለዋል። ወላጁ ውስጥ ወደ ዲ ካስት ሲደረግም ዲ ስለጠፋ ፕሮግራሙ ሲሠራ ያ ካስት ራሱን ዲን አይፈትሽም። የጃቫ ጸሐፊዎች ይህን ስለሚያውቁ ከካስቱ በኋላ አቆጣጠሩ ትክክለኛው መሆኑን በእጃቸው እየፈተሹ፣ ካልሆነ ክላስ ካስት ኤክሴፕሽን ያነሳሉ። ታይፑ ማድረግ ያልቻለውን በኮድ ሞሉት።

ሁለተኛው ስሪ ቴን ኤክስትራ የመረጠው ነው። ወላጁ ጀነሪክ አይደለም። ኢትዮፒክዴት ሜተዱን ኦቨርራይድ ያደርግና የወላጁን ጠርቶ ውጤቱን ወደ ኢትዮፒክዴት ካስት አድርጎ ይመልሳል። ለእያንዳንዱ ሜተድ ጥቂት መስመር ይደጋገማል። ሆኖም ካስቱ ወደ እውነተኛ ክላስ ስለሆነ ፕሮግራሙ ሲሠራ ይፈተሻል፤ የወላጁን ኮድ የሚያነብ ሰውም ራሱን በሚጠቅስ ፓራሜተር አይደናገርም። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የልጆቹ ብዛት ሲያስቸግር ብቻ ወደ መጀመሪያው ልሄድ እችላለሁ።

ታይፕ የማይዘው ነገርም አለ፤ ይህን ሳልናገር ብሄድ ቅር ይለኛል። ባርባራ ሊስኮቭ በኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከተማሪዎቿ ጋር ሲኤልዩ የሚባል ቋንቋ ሠርታለች፤ በቋንቋው ውስጥ ፓራሜተር የሚቀበሉ ታይፖች ነበሩ፣ ፓራሜተሩ የትኞቹን ኦፕሬሽኖች ማሟላት እንዳለበት የሚገድብ አጻጻፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ባደረገችው ንግግር፣ በ1994 ደግሞ ከጃኔት ዊንግ ጋር ባወጣችው ጽሑፍ፣ ልጅ ወላጁን የሚተካው ወላጁ ላይ የተማመነ ፕሮግራም በልጁም ሳይሰበር ሲሠራ ነው የሚለውን ሐሳብ አጸናች። የ2008 የቱሪንግ ሽልማት ተሸልማለች። ጀነሪክስንና ውርስን ያገናኘ ሰው የእሷን ጥያቄ መሸሽ አይችልም። ቲ ኤክስቴንድስ ክሮኖ ሎካልዴት ብላችሁ ሜተድ ጻፉ፤ ውስጡ አንድ ዓመት ለመጨመር 12 ወር ደምሩ። ኮምፓይለሩ ደስ ብሎት ያልፋል። ሎካልዴት ላይ ትክክል ነው። መስከረም 1ን ስትሰጡት ግን የሚመጣው የዚያው ዓመት ጳጉሜ 1 ነው፤ የእኛ ዓመት 13 ወር ነውና። ገደቡ የሚናገረው ሜተዶቹ መኖራቸውን ነው፤ ከጀርባቸው ያለውን ቃል ኪዳን አይናገርም። ለዚህ ያለው መድኃኒት በዓመት ዩኒት መደመር፣ ቴስቱንም ከአንድ በላይ በሆኑ የክሮኖ ሎካልዴት ልጆች መጻፍ ነው። ጀነሪክ ሜተድ በአንድ ታይፕ ብቻ ከተፈተነ ገና አልተፈተነም።

ከዚህ ንግግር በኋላ ከታዳሚዎች ከተነሱት ጥያቄዎች መካከል አንዱን እዚህ ልጻፈው፤ ጥሩ ጥያቄ ነበር። አንዲት ታዳሚ «አንድ ሲስተም የኢትዮፒክዴት ሊስት፣ ሌላው የሎካልዴት ሊስት ይሰጠኛል፤ ሁለቱን አዋህጄ በዕለት ቅደም ተከተል መደርደር እፈልጋለሁ፤ ካስት ሳላደርግ ይቻላል ወይ?» ብላ ጠየቀች።

ይቻላል፤ እስካሁን ያልነውን ሁሉ ይጠቀማል። አዲስ የክሮኖ ሎካልዴት ሊስት ክፈቺ። አድ ኦል የሚለው ሜተድ የሚቀበለው የማንኛውም ልጅ ኮሌክሽን ስለሆነ ሁለቱንም ሊስቶች አንድ በአንድ ይቀበላል፤ ከእነሱ ያወጣል እንጂ አያስገባባቸውም። ለመደርደር በኮምፔር ቱ አትተማመኚ፤ እኩል ዕለት ላይ በአቆጣጠር ስም ይለያቸዋል። ክሮኖ ሎካልዴት ላይ ታይም ላይን ኦርደር የሚባል ስታቲክ ሜተድ አለ፤ ዕለቱን ብቻ የሚያይ ኮምፓሬተር (ሁለት ዕቃ ተቀብሎ የሚያነጻጽር) ኦፍ ክሮኖ ሎካልዴት ይመልሳል። እሱን ለሊስቱ ሶርት ሜተድ ስጪው። ነገ የኢትዮፒክዴት ሊስት ብቻውን መደርደር ቢያስፈልግሽም ሌላ ኮምፓሬተር መጻፍ የለብሽም። ሶርት የሚቀበለው የማንኛውም ወላጅ ኮምፓሬተርን ነው፤ ኮምፓሬተር የሚሰጠውን ይቀበላል እንጂ አይመልስምና፣ የወላጁ ለልጁም ይሠራል።